ስለ ስፖርተኞች የጕልበት መድኃኒትና በልብ ላይ ስለሚያመጣው ጕዳት

አምቦ ከተማ አስቀድሞ ሀገረ ሕይወት እየተባለች ትጠራ እንደ ነበረ አረጋውያን ያውቁታል። ከምድር እየፈላ የሚወጣው ውሃዋ፥ ቁርጥማት የያዘው ሊታጠብበት፥ ሆዱን የሚያመው ሊጠጣው፥ ከቅርብም ከሩቅም ሰው ሲስብ ኖሯል፤ በጠርሙስ እየታሸገ መሸጥ ከጀመረም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1930 ወዲህ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ሰው ለጤናው ሲል የሚወጣባት ከተማ ናት። በዚህችው ከተማና ከእርስዋ ጋራ በአንድ መንገድ በተሰለፉት በአዲስ ዓለም፥ በጊንጪ፥ በጉደር፥ በጌዶና በባኮ፥ እንዲሁም ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ በጀልዱ ደጋ፥ ጤናውንና ጕልበቱን እንደ ሀብት ቈጥሮ ሊነግድበት የተነሣ ወጣት ብዙ ነው። ሯጩ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ ክብደት የሚያነሣውም ከሥራ በኋላ ማታ ወደ ጂም ይገባል። እነዚህን ወጣቶች በየጓዳው የሚጠብቃቸው አንድ መድኃኒት አለ፤ ጡንቻን ሲያሳብጥ ልብን የሚያደክም ነው።

የምዕራብ ሸዋ ወጣት ለሩጫ የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የጀልዱ ተወላጅ ፈይሳ ሌሊሳ በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ በደቡብ ኮርያ በዴጉ ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ሦስተኛ፥ በ2008 ዓ.ም. ነሐሴም በሪዮ ዴ ጃኔሮ ኦሊምፒክ ሁለተኛ ሁኖ በብዙ ሺሕ ሰው ፊት ሜዳልያ ተቀብሏል። ይህን ያየ የገበሬ ልጅ በአንድ መልካም ውድድር የአባቱን ቤት ቆርቆሮ ማልበስ፥ ታናናሾቹን ማስተማር እንደሚቻል ያስባል፤ ማሰቡም ስሕተት የለበትም። ዳሩ ግን ተስፋ ከጥድፊያ ጋራ ይመጣል። ዓመታት የሚፈጀውን ልምምድ በጥቂት ወር ለመጨረስ የሚፈልግ ሰው ሲበዛ፥ «ይህችን መርፌ ብትወጋ፥ ይህችን ኪኒን ብትውጥ» የሚል አማካሪም አብሮ ይበዛል።

መድኃኒቱ በሐኪሞች ቋንቋ አናቦሊክ ስቴሮይድ ይባላል። መሠረቱ ቴስቶስቴሮን የተባለው፥ በወንድ ልጅ የዘር ፍሬ ውስጥ የሚዘጋጀው ሆርሞን ነው፤ ጢም የሚያበቅለው፥ ድምፅ የሚያጐረንነው፥ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክረው እርሱ ነው። በሴትም ሰውነት ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 ጀርመናዊው ቡተናንትና በስዊስ ይሠራ የነበረው ሩዚችካ ይህን ነገር በቤተ ሙከራ ለመሥራት ቻሉ፤ በ1939ም የኖቤል ሽልማት ለሁለቱ ተሰጠ። ሐሳባቸው በጎ ነበር፤ ሆርሞኑ የጐደለበት በሽተኛ እስከ ዛሬ በሐኪም ትእዛዝ ይረዳበታል። ጕዳቱ የመጣው ምንም ያልጐደለበት ጤነኛ ሰው፥ ሐኪም ለበሽተኛ ከሚያዘው መጠን ዐሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ወደ ሰውነቱ ማስገባት በጀመረ ጊዜ ነው።

የዚህ ነገር አጀማመር ራሱ የሚያስተምር ታሪክ አለው። በ1954 በቪየና ከተማ የክብደት ማንሣት የዓለም ውድድር ሲደረግ፥ ከአሜሪካ ቡድን ጋራ የሄደው ጆን ዚግለር የተባለው ሐኪም፥ የሶቪየት ስፖርተኞች ቴስቶስቴሮን እንደሚወስዱ ከእነርሱው ወገን ሰማ። ወደ አገሩም ተመልሶ ለአሜሪካ ጐበዞች መላ ፈለገ፤ በ1958ም ሲባ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ዲያናቦል የተባለችውን ኪኒን ለገበያ አወጣ። ዚግለር ለስፖርተኞቹ ያዘዘው ጥቂት ነበረ፤ እነርሱ ግን ጥቂት የረዳ ነገር ብዙ ቢሆን የበለጠ ይረዳል ብለው ከታዘዘላቸው እጅግ አብልጠው ይውጡ ጀመር። ሐኪሙ ይህን ባየ ጊዜ ሥራውን ተወው፥ ኋላም በጀመረው ነገር ተጸጸተ። እርሱ ራሱ ልቡን ታሞ በ1983 ሞተ፤ ለሕመሙም በገዛ ሰውነቱ ላይ ያደረገውን የስቴሮይድ ሙከራ በከፊል ምክንያት ያደርገው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል፤ ሳይለይ ቢቀር በሽተኛ ይጐዳልና። ስቴሮይድ የሚለው ስም ለሌላም ዐይነት መድኃኒት ይጠራል፤ ይኸውም ሐኪሞች ለአስምና ለቁርጥማት፥ ለሌላም ከባድ ሕመም የሚያዙት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ነው። እነዚህ ጡንቻ አያሳድጉም። በሐኪም ትእዛዝ የሚወስዳቸው ሰው ይህን አንብቦ በድንገት ቢያቋርጥ ብርቱ አደጋ ያገኘዋል፤ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አንዳች እንዳያደርግ። ዳሩ ግን ለመወፈር ሲል ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚውጣቸው ሰው የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በገንዘቡ እንደ ገዛ ይቈጠራል። በውድድር ጊዜ ተውጠው ወይም በመርፌ ተወግተው ከተገኙም በስፖርት ሕግ ያስቀጣሉ።

ወደ ልብ እንመለስ። የሰው ልብ በአንድ ቀን መቶ ሺሕ ጊዜ ያህል ይመታል። ሰው ዐርፎ ሳለ በአንድ ደቂቃ አምስት ሊትር ያህል ደም ይገፋል፤ በልምምድ የበረታ ሯጭ ሲሮጥ ግን ይህ መጠን አምስትና ስድስት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ሲል የሯጭ ልብ ይሰፋል፤ ሐኪሞችም ይህን የስፖርተኛ ልብ ይሉታል። የዚህ ልብ ጓዳው ሰፊ፥ ግድግዳው ተጣጣፊ ነው፤ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚያወጣ ባለቤቱ ሲተኛ በደቂቃ አርባ ጊዜ ብቻ ቢመታ ይበቃዋል። ስቴሮይድ የሚያሳድገው ልብ ግን ሌላ ነው። የልብም ሥጋ ጡንቻ ነውና መድኃኒቱ የክንድን ጡንቻ መርጦ የልብን አይተውም። የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ ይወፍራል፤ በሥጋውም መካከል እንደ ጠባሳ ያለ ጅማት ይበቅልበታል፤ በዚህም ምክንያት ልቡ ይደርቃል፥ ደም ለመቀበል በደንብ አይዘረጋም፥ ለመግፋትም ይደክማል። ጠባሳው ደግሞ የልብን የምት ትእዛዝ መንገድ ያሰናክላል፤ ምቱ በድንገት ተዛብቶ ሰው ከቆመበት የሚወድቀው በዚህ ጊዜ ነው። ከውጭ የሚያይ ሰው ክንዱ የፈረጠመውን፥ ደረቱ የሰፋውን ጐበዝ ያያል እንጂ ይህን አያይም።

ሁለተኛው ጕዳት በደም ሥሮች ውስጥ ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወር ኮሌስትሮል የሚባል ስብ አለ፤ አንዱ ወገን በደም ቅዳዎች ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ነው፥ ሁለተኛው ግን የተለጠፈውን እየጠረገ ወደ ጉበት የሚመልሰው ነው። ስቴሮይድ የሚለጠፈውን ያበዛል፥ የሚጠርገውን ያሳንሳል። በ1989 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት ዐሥራ አንድ ክብደት አንሺዎች ለስድስት ሳምንት ስታኖዞሎል የተባለውን ኪኒን ሲወስዱ፥ ጠራጊው ስብ ከመቶ 33 እጅ ቀነሰባቸው፤ በመርፌ የሚሰጠው ቴስቶስቴሮን ግን የቀነሰው ከመቶ 9 እጅ ነው። ስታኖዞሎል ማለት በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ መቶ ሜትሩን በ9 ሰከንድ ከ79 የሮጠው ካናዳዊ ቤን ጆንሰን የተገኘበት፥ የወርቅ ሜዳልያውንም በሦስተኛው ቀን ያስነጠቀው መድኃኒት ነው። ዓለም ሁሉ ስለ ሜዳልያው ተናገረ፤ ስለ ልብ የተናገረ ግን ጥቂት ነበረ። ከዚህ ሌላ የደም ግፊት ይጨምራል፤ የደም መርጋትም ይፋጠናል። ስብ ባጠበበው የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሲወተፍ፥ በልብ ላይ ከሆነ የልብ ድካም ያመጣል፥ በአንጐል ላይ ከሆነ ግማሽ አካልን ያሽመደምዳል። ይህ በስድሳ ዓመት ሽማግሌ የሚጠበቅ ነው፤ በሠላሳ ዓመት ጐልማሳ ላይ ሲደርስ ግን ቤተ ሰቡ መጋኛ ወይም የሰው ዐይን ቢል አይፈረድበትም።

ነገሩ በግምት የተነገረ እንዳይመስል ሁለት ምስክር ይበቃል። በ2017 የአሜሪካ ሐኪሞች 140 ክብደት አንሺዎችን መረመሩ፤ 86ቱ ስቴሮይድ ለዓመታት የወሰዱ፥ 54ቱ ያልወሰዱ ነበሩ። ጤነኛ ልብ በአንድ ምት በግራው ክፍሉ ከተጠራቀመው ደም ከግማሽ በላይ ያወጣል። ካልወሰዱት ሰዎች ልብ በአማካይ ከመቶ 63 እጅ ሲወጣ፥ ከወሰዱት ግን 52 እጅ ብቻ ነበር፤ በምርመራው ጊዜ መድኃኒቱን እየወሰዱ በተገኙትማ ወደ 49 ወረደ። ሁለተኛው ምስክር ከዴንማርክ ነው። በዚያ አገር በጂም ቤቶች ምርመራ ይደረጋልና ከ2006 እስከ 2018 ስቴሮይድ መውሰዳቸው የተገኘባቸውን 1,189 ወንዶች፥ በዕድሜ ከሚመስሏቸው 59,450 ሰዎች ጋራ አስተያይተው ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። በስቴሮይድ ወሳጆቹ ላይ የልብ ደም ሥር መዘጋት ሦስት እጥፍ፥ የልብ ድክመት ከሦስት እጥፍ በላይ፥ የልብ ጡንቻ በሽታ ግን ዘጠኝ እጥፍ ያህል ሁኖ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች የኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች አይደሉም፤ መልካቸው እንዲያምር ብለው የገቡበት ተራ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የክብደት ማንሣት ፌዴሬሽን ብቻ የሚያስብበት ነገር አይደለም፤ ጂም ባለበት ከተማ ሁሉ የሚነገር ነው።

«ይህ ለጡንቸኛ እንጂ ለሯጭ ምኑ ነው?» የሚል ሊኖር ይችላል። ሯጭ መወፈር አይፈልግም፤ ነገር ግን ቴስቶስቴሮን ከብርቱ ልምምድ በኋላ የደከመው አካል ፈጥኖ እንዲያገግም ስለሚያደርግ፥ በትንሽ በትንሹ የሚወስዱት ሯጮች በየአገሩ ተይዘዋል። ለሯጭ ደግሞ አንድ የተለየ አደጋ አለበት፤ ቴስቶስቴሮን ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፥ ደምንም ያወፍራል። ኤፖ የተባለው ሌላው የሯጮች መድኃኒት ዋና ሥራው ይኸው ነው፤ ሁለቱን አንድነት የሚወስድ ሰው ደሙ እንደ አጥሚት እየወፈረ ይሄዳል። ላብ በብዛት በሚወጣበት ረጅም ሩጫ ውሃው ሲጐድልበት የባሰ ይወፍራል፤ ይህን ደም የሚገፋ ልብ ሸክሙ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልንጀሮቿ ጋራ በሰሜን ተራራ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ደም መርምራ ያወጣችው ጽሑፍ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከፍ ባለ አገር የሚኖር ሰው ደሙ ይወፍራል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ የእነዚህ ኢትዮጵያውያን ደም ግን ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ደም ብዙ የማይለይ፥ ኦክስጅኑም የማይጐድል ሁኖ ተገኘ። ለደጋ ሰው ተፈጥሮ ደምን ሳያወፍር በቀጭን አየር መኖርን ከሰጠው፥ ያንኑ ደም በመርፌ አወፍራለሁ ማለት ምን ዐይነት ብልኀት ነው?

በኢትዮጵያ ሌላም የሚያሰጋ ነገር አለ። በልጅነት የጉሮሮ ቁስል ሲይዝ ሳይታከም ቀርቶ የልብን በሮች የሚያበላሸው፥ ሐኪሞች የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት በሽታ በዚህ አገር የተስፋፋ ነው። ብዙ ልጅ በልቡ በር ላይ ጕዳት እንዳለ ሳያውቅ ያድጋል፤ እስከ ሃያ ዓመቱ ድረስ ቢሮጥም ቢያርስም ላይታወቅበት ይችላል። እንዲህ ያለው ወጣት የደም ግፊት የሚጨምር፥ ደም የሚያወፍር፥ የልብን ግድግዳ የሚያደርቅ መድኃኒት ቢወስድ፥ የተሰነጠቀ ግድብ ላይ ጎርፍ እንደ መልቀቅ ነው። በአውሮፓ የተደረጉት ጥናቶች ይህን ዐይነቱን ሰው አይጨምሩም፤ ስለዚህ ከዚያ የመጣው ቍጥር ለምዕራብ ሸዋ ወጣት የሚያንስ እንጂ የሚበዛ ላይሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ስሟ የተነሣባቸው ጊዜያት አሉ። በ2008 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሰባስቲያን ኮ የምርመራ ሥርዓታቸው እጅግ ደክሞ ከተገኘባቸው አምስት አገሮች መካከል ኢትዮጵያን ከኬንያ፥ ከሞሮኮ፥ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋራ ጠሩ። በዓመቱ፥ በ2009 ዓ.ም.፥ አበረታች ቅመሞችን የሚቈጣጠር ብሔራዊ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ይህም ኋላ ባለሥልጣን ወደ መባል ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ምርመራው ጠንክሯል፤ የጠነከረ ምርመራም ፍሬ አለው፤ የሚያሳዝን ፍሬ ቢሆንም። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በሦስት ሺሕ ሜትር መሰናክል አራተኛ የወጣችው ዘርፌ ወንድማገኝ፥ በሰውነቷ ኤፖና ቴስቶስቴሮን ስለ ተገኘ በ2016 ዓ.ም. ለአምስት ዓመት ከውድድር ታገደች። ለሴት ልጅ የቴስቶስቴሮን ነገር ከወንድ ይልቅ የከበደ ነው፤ ድምፅ ከጐረነነ በኋላ ብዙ ጊዜ አይመለስም፥ የወር አበባም ይዛባል።

ቅጣቱን የሚቀበለው ስፖርተኛው ነው፤ ሕጉ በሰውነትህ ለተገኘው ሁሉ አንተ ተጠያቂ ነህ ይላል። ነገር ግን ከገጠር የመጣ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መርፌውን ራሱ ፈልጎ አያገኘውም። የቀድሞው የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ታሪክ ይህን ያስረዳል፤ ከ1974 ጀምሮ በመንግሥት ምስጢራዊ ዕቅድ ኦራል ቱሪናቦል የተባለች ኪኒን ለብዙ ሺሕ ስፖርተኞች ትታደል ነበር፤ አያሌዎቹ ቪታሚን ናት ተብለው የዋጡ ሴቶች ልጆች ነበሩ። አሠልጣኝን እንደ አባት የሚያምን ልጅ የሰጡትን ይውጣል። ዋናዎቹ ሹማምንት በ2000 በፍርድ ቤት ተፈረደባቸው፤ ለተጐዱትም መንግሥት በሕግ ካሣ ከፈለ፤ የተበላሸውን ልብና ጉበት ግን ካሣው አላደሰውም።

በዛሬው ጊዜ ደግሞ ጡንቻ ማዳበሪያ እየተባለ በጣሳ የሚሸጠው ዱቄት አለ። በጀርመን አገር የኮሎኝ ቤተ ሙከራ ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 634 እንዲህ ያሉ ማዳበሪያዎችን ሲመረምር በ94ቱ ውስጥ በጽሑፋቸው ያልተገለጠ፥ ወደ ስቴሮይድ የሚለወጥ ነገር አገኘ። ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ እንግዲህ አይበቃም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሆርሞን መርፌ የሚሸጥ መድኃኒት ቤት ካለ ግን የወረዳ ጤና ሹም ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው፤ በአምቦም ሆነ በጌዶ መደብሮቹ የሚቈጠሩ ናቸውና። አሠልጣኝን ለመጠየቅ፥ ክለብን ለመመርመር ሥልጣን ያለው ሹም የሜዳልያ ቍጥር ብቻ ሲጠይቅ ከኖረ፥ አሠልጣኙ ከእርሱ የተማረው ይህንኑ ነው። የነፍስ አባትም በዚህ ነገር ሥፍራ አለው፤ ለአሠልጣኙ፥ ለወላጁ፥ ለሐኪሙም ያልነገረውን ወጣት ለንስሐ አባቱ ይናገር ይሆናል። ያን ጊዜ ነገሩን የኀጢአት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ከመገሠጽ ይልቅ፥ ሄደህ ልብህን አስመርምር ብሎ መላክ ይቀድማል።

የሚያስጠነቅቁ ምልክቶች የታወቁ ናቸው፤ ቀድሞ በማያደክም ሥራ ትንፋሽ ማጠር፥ ደረት ላይ መጫን፥ ልብ በድንገት መደለቅ ወይም ምቱ መዝለል፥ ማታ እግር ማበጥ፥ በሩጫ መካከል ራስን መሳት። በሩጫ መካከል ራሱን የሳተ ሰው በሚቀጥለው ቀን ለልምምድ ሊነሣ አይገባውም፤ የልቡ ምት በመሣሪያ ተጽፎ፥ የልቡም ምስል በድምፅ ሞገድ ታይቶ ነው የሚለየው። ለሐኪሙም የወሰደውን በስሙ መንገር አለበት፤ ቢደብቅ ሐኪሙ ሌላ በሽታ እየፈለገ ቀን ያልፋል።

መድኃኒቱን መተው ይጠቅማል። በኔዘርላንድስ አገር አንድ መቶ ስቴሮይድ ወሳጆችን የተከታተሉ ሐኪሞች፥ የልባቸው የመግፋት ኀይል በወሰዱበት ጊዜ እንደ ቀነሰ፥ ካቋረጡ በኋላ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ቀድሞው እንደ ተመለሰ አይተዋል። ለብዙ ዓመት የወሰደ ሰው ግን ይህን ያህል ተስፋ የለውም፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የደነደነው ስብና በልብ ሥጋ ውስጥ የበቀለው ጠባሳ መድኃኒቱ ስለ ቀረ ብቻ አይጠፋምና። መተዉም ራሱ ቀላል አይደለም። ከውጭ ሆርሞን ሲገባለት የኖረ ሰውነት የራሱን መሥራት ይተዋል፤ መርፌው ሲቀር ለብዙ ሳምንት፥ አንዳንዴም ለብዙ ወር ድካም፥ ኀዘንና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ብቻውን የቀረ ወጣት ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ወራት ውስጥ ወደ መርፌው ይመለሳል፤ ሐኪም የሚከታተለውና ቤተ ሰቡ ነገሩን የሚያውቅለት ግን ይዘልቃቸዋል።